የእትዬ መስታወት ክሬም

«እትዬ መስታወት» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ወደ መዋቢያ ሱቃቸው የገባች ሴት ሁሉ ፊቷ ላይ መስታወት ይደቅኑና «እስቲ እዪው፣ ይሄ ፊት እንዲህ ይጣላል?» ይሏታል። ሴትየዋም ስቃ፣ የፊት ማፍኪያ ክሬም ገዝታ ትወጣለች። እናቷ የሞተችባትን የእህታቸውን ልጅ ያሳደጉትም ያስተማሩትም በዚሁ ሱቅ ነው።

ልጅቱ አድጋ የሸቀጥ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ሆነች። ሜርኩሪ ያለበትን የፊት ክሬም መሸጥ የሚከለክል ሕግ ሲወጣ ወዲያው ሄዳ ነገረቻቸው። «ሰምቻለሁ፤ ለአምጪው እመልስለታለሁ» አሏት። አመነቻቸው። ነጋዴዎች ክሬሙን እንዲመልሱ የተሰጠው ጊዜ አልፎ ፍተሻ ሲጀመር ግን፣ አንድ ቀን ጠዋት እሷንና ባልደረባዋን የያዘው መኪና አክስቷ ሱቅ በር ላይ ቆመ።

«ይሄ እኮ የአክስቴ ሱቅ ነው» አለችው። «ያሳደገችኝ እሷ ናት። እጄን ባላስገባ ይሻላል።»

«እንግዲያው እኔ እፈትሻለሁ። አንቺ ከበሩ አትለፊ።»

ሲገባ እትዬ መስታወት ሕፃን ለታቀፈች ወጣት እናት አንድ ክብ የክሬም ዕቃ በፌስታል እየጠቀለሉ ነበር። መታወቂያውን ሲያዩ ፌስታሉን ቶሎ አስያዟትና «በይ ሂጂ የኔ ልጅ፣ ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታው» አሏት።

እናትየዋ ወደ በሩ መጣች። ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ቆማለች። ዞር ብላ ብታሳልፋት የሚጠይቃት የለም። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ እናቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል።

«እህቴ፣ እባክሽ ትንሽ ቆዪ» አለቻት።

እትዬ መስታወት ድምጿን ሰምተው ዞሩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «አንቺ ነሽ? ሰው ይዘሽብኝ መጣሽ?»

«ፍተሻ ነው፣ እማ።»

ባልደረባዋ ሜርኩሪ የሚለካውን ባለ እጀታ መሣሪያ ከቦርሳው አወጣ። እትዬ መስታወት እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ቀልድ አይጠፋቸውም። «የፀጉር ማድረቂያ ይዞ መጣልኝ እኮ! የኔ ፀጉር ደርቋል፣ ልጄ፣ አትቸገር።»

እሱ ግን ሥራውን ጀመረ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሳሙናና ቅባት በየተራ ለካ፤ ምንም አልተገኘም። ወደ ጓዳው ሲያመራ ግን እትዬ መስታወት ቀድመውት ገቡና ጥጉ ላይ ያለ ካርቶን ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ይነሱልኝ።»

«ወገቤን ያመኛል።»

«ካልተነሱ ፖሊስ ለመጥራት እገደዳለሁ።»

«የፈለግከውን ጥራ! በገዛ ሱቄ መቀመጥም በሕግ ተከለከለ?» አሉና ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «ጡቴን ባላጠባሽም እናትሽ ነኝ። ዛሬ ደጄ ላይ ቆመሽ ደንበኛዬን ታስቆሚብኛለሽ?»

ሕፃኑ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። ተቆጣጣሪዋ ከበሩ እንዳታልፍ መባሏን ረስታ ጓዳው አፍ ደረሰች። «እማ፣ መርዝ ነው። በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፣ ነርቭ ይጎዳል።»

«መርዝ ቢሆን እኔ ቆሜ እሄድ ነበር?» ከሽርጣቸው ኪስ ግማሹ ያለቀ ክሬም አወጡ። «ጠዋት ማታ እቀባዋለሁ! ይኸው!»

ክዳኑን ለመክፈት ታገሉ። ጣቶቻቸው አልታዘዝ አሏቸው። በመከራ ሲከፈት ክዳኑ አምልጧቸው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ክሬሙን ወደ ጉንጫቸው ሲያስጠጉ እጃቸው ክፉኛ ስለሚንቀጠቀጥ አገጫቸውንና የቀሚሳቸውን ኮሌታ ለቀለቁት።

ተቆጣጣሪዋ እጃቸውን ትክ ብላ አየችው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ዕድሜ ነው ብለው ሁለቱም አልፈውታል። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው፣ እኚያ ሳቂታ ሴት በረባ ባልረባው ሲቆጡ፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው ብላ ነበር። እነዚህኑ የሜርኩሪ መመረዝ ምልክቶች ስንት ጊዜ ለነጋዴዎች አስረድታለች!

«እማ፣ እጅሽ።»

«እርጅና ነው!»

«አይደለም። እናቴን ቀብሬያለሁ፤ አንቺንም አልቀብርም። ስጪኝ።»

አልሰጧትም። ባልደረባዋ በርከክ ብሎ መሣሪያውን እጃቸው ላይ ወዳለው ክሬም ሲያስጠጋ ግን አልሸሹም። መሣሪያው ጮኸ። ቁጥሩን አየና እንደገና ለካ።

«ሕጉ ከሚፈቅደው ከሺህ እጥፍ በላይ ነው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

እናትየዋ ከኋላቸው ቆማ ትሰማ ኖሯል። «እትዬ፣ ባለፈውም ወስጃለሁ እኮ» አለች። «ተቀብቼ ነው የማቅፈው። ጉንጩን ጉንጬ ላይ አድርጌ ነው የማስተኛው። ልጄን ምን አደረግኩት?»

እትዬ መስታወት የተነሱት ያን ጊዜ ነው። ፌስታሉን ከእናትየዋ እጅ ወስደው ለባልደረባው ሰጡት። «ካርቶኑንም ውሰደው። የሚያመጣልኝንም ሰው እነግርሃለሁ» አሉ።

ሱቁ ታሸገ። ተቆጣጣሪዋ ሦስቱንም ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ከሕፃኑ ሽንት ውስጥ ሜርኩሪ ቢገኝም ጥቂት ነበር፤ ሐኪሟ «ቶሎ ደርሳችኋል» ስትል እናትየዋ ልጇን አጥብቃ አቀፈችው። የእትዬ መስታወት ግን ብዙ ነበርና ሕክምናው ረዘመ። ክሬሙን የሚያመጣው ሰው በጥቆማቸው ተያዘ። እሳቸውም ከቅጣት አላመለጡም።

የእህታቸውን ልጅ ለብዙ ጊዜ አኮረፏት። ለሕክምና ስትወስዳቸው መኪና ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይቀመጣሉ፤ ስታወርዳቸው በሩን ድርግም አድርገው ይሄዳሉ።

አንድ እሑድ ግን ራሳቸው ደወሉላት። «ነይ፣ የምንሄድበት ቦታ አለ።»

የወሰዷት ደንበኞቻቸው ቤት ነው። የመጀመሪያዋ የሸጡላት ክሬም መርዝ መሆኑን ከእሳቸው ሰምታ፣ አመስግና፣ የቀረውን አምጥታ ሰጠቻቸው። ሁለተኛዋ «ስትሸጪልኝ ጥሩ ነበር፣ አሁን መርዝ ሆነ?» ብላ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው። እትዬ መስታወት የተዘጋውን በር ትንሽ አዩት።

«የሚቀጥለው ቤት ላይ እኔ ልናገር» አለች ልጅቱ።

«አይሆንም። የሸጥኩት እኔ ነኝ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጣዩን በር አንኳኩ። ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ።