የደርበው ቅራሪ

ከቡሬ ዳር ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ፍኖተ ሰላም የደረሰ፣ በዚያው ቀን ሮጦ የሚመለስ ሰው ቤታችሁ ቢመጣ ምን ታጠጡታላችሁ? "ወተት" የምትሉ አላችሁ። ዝም በሉ! እናንተ ሮጣችሁ አታውቁም።

ደርበው ግን ያውቃል። ጣሊያን ቡሬን ከያዘ ወዲህ የአርበኞቹን ደብዳቤ የሚያመላልሰው እሱ ነው። የመኪናውን መንገድ ትቶ በማንኩሳ በኩል በማሳ ለማሳ ይሮጣል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እማዋይሽ ቀጭኑን ጠላ፣ ቅራሪውን፣ ጨው ጣል አድርጋ በትልቅ ቅል ትሰጠዋለች። ይጠጣል፣ እግሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይጋደማል፣ በማግስቱ እንደ ድኩላ ይዘላል።

"ደርበው የሚሮጠው ለቅራሪ ነው" ይሉታል ጎረቤቶቹ።

"እናንተስ ሳትሮጡ አይደል የምትጠጡት?" ይላቸዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደብዳቤ ይዞ ፍኖተ ሰላም ዳር ከአርበኞቹ ወዳጅ ከቀኛዝማች ገብረሰንበት ቤት ደረሰ። እኔ የቀኛዝማች ጸሐፊ ነኝ፤ መልሱን እየጻፍሁ ስለነበር ሁሉን በዓይኔ አይቻለሁ። መልሱ አጭር ነው፦ "ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጣሊያን ከዚህ ወደ እናንተ ይወጣል፤ እህላችሁን አሽሹ።"

"ቅራሪ ካለ፣ ጌታዬ፣ በጨው" አለ ደርበው።

ቀኛዝማች ከመደባቸው ብድግ አሉ። "ቅራሪ? የገብረሰንበት ቤት ለእንግዳ ቅራሪ ሰጠ ተብሎ ይወራ? ወለተ ኢየሱስ! ወፍራሙን ጠላ፣ ጉሹን አምጪ!"

"ጌታዬ፣ ጉሽ ጉልበት ይይዛል። ገና መመለሻ አለብኝ።"

"በሞቴ!"

ጠጣ።

"አንድ ያጣላል። በሞቴ!"

ጠጣ። ሦስተኛው ደግሞ "የሥላሴ ነው" ተባለ። በሰው ሞት ተለምኖ እንቢ የሚል ጎጃሜ ካለ አሳዩኝ።

ማንኩሳ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። "ጥቂት ልረፍ" ብሎ ሾላ ሥር ጋደም አለ። የቀሰቀሰችው ዞራ ፊቱን የመታችው የከሰዓት ፀሐይ ናት። ቀዬው ሲደርስ ሰዉ የመኪና ድምፅ ሰምቶ ጫካ ገብቷል፤ የገብሱ ክምር ግን ጣሊያን ለኩሶት ይነድዳል።

አሁን ቀኛዝማች በየሄዱበት "ያ ሰካራም እህል አስቃጠለ" ይላሉ። የመልእክቱንም ሥራ ያለ በቅሎ ጓሮው ድረስ እንኳ ለማይሄደው ለወንድማቸው ልጅ ሊሰጡት ነው።

"ለምን አትናገርም?" አልሁት ደርበውን።

"የጠጣሁበትን ቤት እንዴት ልማ?" አለኝ። "ብቻ ሩጫዬን አይውሰዱብኝ።"

እሱ ይፈር፤ እኔ አላፍርም። ቀኛዝማች ሆይ፣ እንጀራዎን እየበላሁ ነው ይህን የምጽፈው፤ ከፈለጉ ያባርሩኝ። ግን የፊታችን እሁድ፣ ሰንበቴው ተሰብስቦ፣ ቄሱም አርበኛውም እየሰማ፣ ይነሱና ይመልሱ፦ ያን ሰው ማን አሰከረው?