የጋሽ ኑረዲን ማንቆርቆሪያ

ዘርፈሽ የደከማት ዛሬ አይደለም። ድካሙ ከርሟል፤ አብሯት ተኝቶ አብሯት የሚነሳ ነገር ሆኗል። በዚያ ሰሞን ነቀምቴ ላይ ዝናቡ ሲያወርደው ይውላል፣ የሆስፒታሉ ቧንቧ ግን ሲከፍቱት ንፋስ ብቻ ይተፋል። ከሰማይ ውሃ፣ ከቧንቧ ንፋስ፤ ይህን ለማን አቤት ይሉታል? የጽኑ ህሙማን ክፍሉ የነርሶች ኃላፊ እሷ ናት። ስለዚህ ውሃ ሲጠፋም፣ ሳሙና ሲያልቅም፣ የእጅ አልኮሉ ሳምንት ይገባል እየተባለ ወር ሲሞላውም፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷው ራስ ላይ ያርፋል።

ከሁሉ የሰለቻት ግን ጠያቂ ነው። የኛ ሰው ታማሚ ሊጠይቅ ሲገባ የራሱን ብቻ አይቶ አይወጣም፤ ነውር ነው። የአጎቱን ልጅ ሊያይ የመጣው መጀመሪያ በሩ አጠገብ የተኛውን ግንባር ይዳስሳል፣ "እግዜር ይማርህ" ይላል። ከዚያ የሚቀጥለውን እጅ ይይዛል፣ የሌላዋን አንሶላ ያስተካክላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ራሱ ሰው ይደርሳል። ደግነቱስ ደግነት ነው፤ ማን ክፉ ይለዋል? ግን እዚህ ክፍል ያሉት በጉሮሯቸው ቱቦ ገብቶ በማሽን የሚተነፍሱ ሰዎች ናቸው። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሻገር እጅ ምርቃቱን ብቻ ይዞ አይሻገርም።

ጋሽ ኑረዲንም የገቡት እንዲሁ ነው። ከጉራጌ አገር በጉርምስናቸው መጥተው እዚሁ የሸበቱ፣ ሳፋና ጀሪካን፣ ባልዲና ማንቆርቆሪያ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ኦሮምኛቸው ከአማርኛቸው ይጣፍጣል። ልጃቸው አዚዛ ሲሬ ገበያ ውላ ስትመለስ ሚኒባሱ ተገልብጦ ደረቷ ክፉኛ ተጎዳና ማሽን ላይ ዋለች። አባት ሱቃቸውን እንኳ ሳይዘጉ ሮጠው ገቡ። እንዲያም ሆነው ልማዱ አልለቀቃቸውም። በሩ አጠገብ ሞሲሳ የሚባል የአርጆ ጎረምሳ ተኝቶ ነበር፤ ሞተር ሳይክል ጥሎት የመጣ። ቆም አሉና ላቡን በመዳፋቸው ጠረጉለት። "ረቢ ስ ሃ ፈይሱ፣ ኢልመ ኮ" አሉት፤ ፈጣሪ ይማርህ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በዚያው እጃቸው የአዚዛን ፊት ዳሰሱ፣ ቱቦው የገባበትን ከንፈሯንም ጠረጉላት።

ዘርፈሽ ከወዲያኛው አልጋ ሆና አየቻቸው። እንዳይነኳት ተጣራች፤ አልደረሰችም።

ሞሲሳ ሳምንት አልቆየም። የገደለው ሞተሩ አልነበረም፤ እዚሁ ክፍል ሳንባው ውስጥ የገባበት፣ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ነው። አስከሬኑ ሲወጣ ዘርፈሽ ጋሽ ኑረዲንን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸውና እንቅልፍ ያጣ ሰው እንደሚናገረው ተናገረቻቸው። ልጁ በምን እንደሞተ፣ ይህ በሽታ በእጅ እንደሚሄድ፣ እሳቸውም እሱን በነኩበት እጅ አዚዛን እንደነኩ፣ የተላለፈባት ነገር ካለም ሰሞኑን ትኩሳት ሆኖ እንደሚወጣ፣ አንዱንም ሳታስቀር ዘረገፈችው። ጨርሳ ቀና ስትል ሽማግሌው መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩት ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ከሱቃቸው ሳፋና ማንቆርቆሪያ፣ ቤት ውስጥ የተፈላ ውሃ በጀሪካን፣ ሳሙናና ማድረቂያ ሶፍት አምጥተዋል። እሳቸው ወደ ውስጥ እንደማይገቡ ነገሯት። ልጄን የሚያይ ይምጣ፣ ታጥቦ ይግባ፣ እኔ ግን የሷ ነገር እስኪለይ ድረስ ከዚህ በር አላልፍም አሉ። ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ።

ዘርፈሽ እጅ ታጠቡ እያለች ስንት ዘመን ለምናለች፣ ተቆጥታለች፣ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፋለች። የሚሰማት አልነበረም። ሽማግሌ ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሞ ግን ማን ያልፋል? በኛ አገር ታናሽ ነው ታላቁን የሚያስታጥበው። ጢሙ የነጣ ሰው ጎንበስ ሲልለት ጠያቂው ሁሉ ይደነግጣል፣ ኧረ በሞቴ እያለ ማንቆርቆሪያውን ሊቀማቸው ይታገላል። እሳቸው አይለቁም፤ "እጅህን" ብቻ ይላሉ። ሰውየው እያፈረ ይዘረጋል፣ እያፈረ ጣቱን አንድ በአንድ ይፈትጋል። ሲጨርስ ሌሎቹን ታማሚዎች እዚሁ በሩ ላይ ቆሞ እንዲመርቅ ያዙታል።

"ምርቃት በእጅ አይሄድም" ይሉታል። "ከዚህም ይደርሳቸዋል።"

ዶክተር ገመቺስ እንኳ፣ ጓንት አደርጋለሁ አይደል እያለ ዘርፈሽን ገፍቶ ማለፍ የለመደው ወጣት ሐኪም፣ እየሮጠ መጥቶ ሽማግሌው ፊት ቀጥ አለ። ሰዓቱን አየ፣ ጢማቸውን አየ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ዘርፈሽ መሳቅ አማራት፤ ግን መሳቅም አቅም ይጠይቃል።

ጠዋት ጠዋት የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ትኩሳቷስ?" የለም ትላቸዋለች። አልሃምዱሊላህ ይሉና ማንቆርቆሪያቸውን ያነሳሉ። ነገም እንዲሁ ለማለቷ ግን እሷም እርግጠኛ አልነበረችም፤ ስለዚህ ዓይናቸውን ሽሽት ቶሎ ትገባለች።

በዚህ መሀል፣ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈትለት ከኪራሙ የመጣ ጫንያለው የሚባል ገበሬ ያው ጀርም ያዘው። ዘርፈሽ ከኮሪደሩ ማዶ ወዳለች ጠባብ ክፍል አገለለችው። አንድ ከሰዓት በኋላ ረዳቷ ነርስ መድኃኒት ልታመጣ ወርዳ፣ እሷ ብቻዋን የጫንያለውን አክታ ስታጸዳ፣ የአዚዛ ማሽን ጮኸ። ያ ጩኸት ትንፋሽ ተዘግቷል ማለት ነው። ጓንቷን አውልቃ ጥላ ኮሪደሩን እየሮጠች አቋረጠች።

ጋሽ ኑረዲን በሩ መሀል ቆመዋል። ከኋላቸው፣ በመስታወቱ፣ የልጃቸው ደረት ሲታገል ይታያል። እሳቸውም አይተዋል።

"እጅሽን፣ ልጄ።"

"ጋሼ፣ ያሳልፉኝ። ልጅዎ ናት፣ ትንፋሽ አጥታለች።"

"አውቃለሁ" አሉ። ማንቆርቆሪያውን አነሱ። "አውቃለሁ። እጅሽን።"

ልትገፋቸው ነበር፤ በኋላ ስታስበው የሚያሳፍራት ይሄ ነው። ግን እጇን ስታነሳ አንጓዋ ላይ አየችው፤ ከጓንቱ በላይ የተረጨ የጫንያለው አክታ። ዘረጋችላቸው። ማንቆርቆሪያውን አዘነበሉ፤ ግማሹ ውሃ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። አባት ልጁ ዓይኑ ስር ስትታፈን ቆሞ ሲያስታጥብ ማየት ምን ይባላል? ማሽኑ ይጮሃል፣ እሷ ትፈትጋለች፣ እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል፣ ውሃውን ግን አላቋረጡም። ሳሙናው ከእጇ ሲለቅ ከበሩ ዘወር አሉ።

ገባች። አዲስ ጓንት አደረገች፣ ቱቦውን የዘጋውን አክታ መጥጣ አወጣች። ማሽኑ ዝም አለ፣ የአዚዛ ደረት ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዘርፈሽ አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። በዚያ እጅ ገብታ ቢሆን በሽታውን እስከ ሳንባዋ ድረስ ራሷ ባደረሰችላት ነበር። ስንት ጊዜ እንዲህ ሮጣ ታውቃለች? ማሽን ሲጮህ፣ ሰው ሲጎድል፣ ወገብ ሲቆረጥ? ማንም በር ላይ ሳይቆም?

ስትወጣ ጋሽ ኑረዲን ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገርኩዎትን ይተዉት። ሞሲሳን ነክቶ ወደ አዚዛ የሄደ እጅ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የኔም ሄዷል።"

ሽማግሌው ብድግ አሉና የጎደለውን ማንቆርቆሪያ ከጀሪካኑ ሞሉት።

የተፈራው ትኩሳት አልመጣም። ጫንያለው ሳይተርፍ ቀረ፤ አዚዛ ግን አንድ ማለዳ ቱቦው ወጣላት። ድምፅዋ ሻክሮ፣ በግድ እየተሰማ፣ መጀመሪያ የጠየቀችው አባቷን ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ መጥቶ ሲያያት እሳቸው ከሞሲሳ ሞት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ አልደረሱም። ሞቶ ነው ወይ የምትደብቁኝ አለች።

ዘርፈሽ ወደ በሩ ሄደችና ማንቆርቆሪያውን ያዘች። ሽማግሌው አልለቅ አሉ፤ እሷም አልለቀቀችም።

"እጅዎን፣ አባባ።"

የክፍሉን ሰው ሁሉ ሲያስታጥቡ ለሳቸው ያፈሰሰላቸው አልነበረም። መዳፋቸውን የሰው ዕቃ የያዙ ይመስል በፍርሃት ዘረጉ። አፈሰሰችላቸው። ፈተጉ፣ እንደገና ሳሙና ያዙ፣ እንደገና ፈተጉ፣ ውሃው ጥርት ብሎ ሲወርድም አላቆሙም። እጅ ታጠቡ እያለች ዕድሜዋን የጨረሰችው ዘርፈሽ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ "ይበቃል አባባ፣ ጠርቷል" አለች።

ገቡ። በሩ አጠገብ አዲስ ታማሚ ተኝቷል። ቆም አሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሩቅ መረቁት። ከዚያ ቀጥ ብለው ሄደው የልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱ። ዘርፈሽ ያን ስታይ ማልቀሷን ያወቀችው ሳፋው ውስጥ ጠብ ሲል ነው፤ የሚቀጥለው ጠያቂ ግን ኮሪደሩን ጀምሮት ነበርና፣ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ማንቆርቆሪያውን አነሳች።