ባሌን ሊተካ የመጣው ልጅ

ባሌ ሮይስ ሃልቨርሰን ለአስራ አራት ዓመት የከተማችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ ነበር። ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው፣ ጨዋታውን የሚመራው፣ ቡድኑ ሲሸነፍም የሚሰደበው እሱ ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር፣ በረዶው ግማሽ ዓመት በሚከርምበት አገር፣ ከንቲባውን የማያውቅ ሰው ሮይስን ያውቀዋል።

በገና ሰሞን አንድ ተከላካይ ከኋላው መጥቶ አንገቱ እስኪታጠፍ ከነሄልሜቱ መሬት ላይ ደፋው። ተነሣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ደነዘዙ። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

"ጆሊን፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ" አለኝ።

አልተነፈስኩም። አንገቱን ባየሁ ቁጥር ግን ልቤ ይርድ ነበር።

በጸደይ የድራፍቱ ቀን ደረሰ፤ ቡድኖቹ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በየተራ የሚመርጡበት ቀን። እንደየዓመቱ ቤታችን በሰው ተሞልቷል፣ ቋሊማው ከሰሉ ላይ ይንጣጣል። የሮይስ ወንድም ኩርት ቢራውን ይዞ ያስቃል፦ "ዘንድሮ ግንድ የሚያህል ጠባቂ ያመጡልሃል፤ እሱ ፊትህ ይገተራል፣ አንተ ጋዜጣህን እያነበብክ ትወረውራለህ!"

የእኛ ቡድን ተራ ደረሰ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰውዬ ስሙን ጠራ። መርሰር ቦይድ፣ ኳርተርባክ፣ ከሚሲሲፒ።

"አብደዋል እንዴ?" አለ ኩርት። "አባወራው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሌላ አባወራ ያመጡበታል?"

ሮይስ ሳቀ። "ልጁ ጥሩ ክንድ አለው" አለና ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ተከተልኩት። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ዐውቀውብኛል" አለኝ።

"ማን ነግሯቸው?"

"ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?"

"እናቴ ትሙት፣ አልተናገርኩም!"

እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። እንደ ባዕድ ነው ያየኝ።

በጋው ላይ ልምምድ ተጀመረ። ሮይስ የመጀመሪያውን ቀን ራት ላይ አጫወተኝ። ልጁ መጥቶ "ጌታዬ፣ እርስዎን እያየሁ ነው ያደግኩት" ቢለው፣ "እርስዎ ትለኛለህ? ገና ጡረታ አልወጣሁም እኮ!" ብሎት መልበሻ ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። እሱ ግን ሲነግረኝ አልሳቀም። ከዚያ በኋላም ለልጁ አንዲት ነገር አላስተማረውም።

አንድ ቀን ከልምምድ ልወስደው ሄጄ መኪና ውስጥ ስጠብቅ መስኮቱ ተንኳኳ። ቦይድ ነው። ዙሪያውን ይገላመጣል።

"እትዬ ጆሊን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ጠዋት የፈላ ቡና ባለቤትዎ እጅ ላይ ተደፋ። እኔ ፍንጣሪው ቢነካኝ ጮህኩ። እሳቸው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ጣታቸው ተልጦ እያለ!"

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም። ብናገር ቦታውን ፈልጎ አሳበቀበት ይሉኛል። ዝም ብል ደግሞ..." አልጨረሰውም። ሁለታችንም ሜዳው ላይ የተዘረረ ሰው ታየን። "ምን ይሻለኛል እትዬ? እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።"

"እሑድ ምሳ ቤት ና" አልኩት። "ለራሱ ንገረው። እኔም እኖራለሁ።"

እሑድ ደረሰ። ሮይስ በሩን ሲከፍት ልጁን አይቶ ተኮሳተረ።

"ቤቴንም ልትረከብ መጣህ?"

ልጁ እንደቆመ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሸ ተናገረ። "እጅዎ አይሰማዎትም።"

ሮይስ ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ አልነገርኩትም። የጠራሁት ግን እኔ ነኝ" አልኩ።

"ቦታዬን ፈልገህ ነው" አለው ሮይስ።

"ቦታዎን?" የልጁ ድምፅ ተሰበረ። "እኔ እኮ ገና ሜዳ ሳልገባ ነው የሚያስመልሰኝ! እነዚያ ሰዎች ሲሮጡብኝ እግሬ ይከዳኛል። አንድ ቀን እርስዎ ወድቀው ሳይነሡ ቢቀሩ 'ቦይድ ግባ' ነው የምባለው። በአጠገብዎ አልፌ ልገባ? እያወቅኩ? አልችልም።"

ሮይስ ቀኝ እጁን ዘረጋለትና ዐይኑን ጨፈነ።

"ትንሿን ጣቴን ያዝና ጠምዝዛት።"

ልጁ እያመነታ ያዛት። ጠመዘዛት። እኔን አመመኝ።

"ጀመርክ?" አለ ሮይስ።

ሮይስ ዐይኑን ሲከፍት ጣቱ ወደ ጎን ተጣምማ አያት፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያ ግዙፍ ሰው ሲንቀጠቀጥ ከጎኑ ሆኜ ማቀፍ እንኳ ፈራሁ፤ የምሰብረው መሰለኝ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ የአንገቱ አጥንት ነርቩን እንደተጫነው አሳየችን። "አንድ ምት ቢጨመርበት ኖሮ..." ብላ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው።

ሮይስ በዚያው ጫማውን ሰቀለ። አሰልጣኙ ሲነገረው ደንግጦ ወንበር ያዘ። ለካ ማንም ምንም አያውቅም ኖሯል፤ ቦይድን የመረጡት ሮይስ ሲያረጅ ይተካዋል ብለው፣ ለወደፊት ነበር። ያን ማታ ዕቃ ሳጥብ ሮይስ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። "ጓዳ ውስጥ ያልኩሽን..." አለ። ፎጣውን ሰጠሁት፤ ሳህኖቹን ማድረቅ ጀመረ።

ቁጭ ብሎ ይማራል የተባለው ልጅ በመጀመሪያው ጨዋታ ገባ። ሮይስ አንገቱ ላይ ድጋፉን እንዳሰረ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ይጮህለታል። እኔ ከልጁ እናት ከኦዴሳ ጎን ተቀምጫለሁ። ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሰዎች ተከመሩበት።

ስታዲየሙ ረጭ አለ። የኦዴሳ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ።

"ይነሣል?" አለችኝ። "ይነሣል ወይ?"

መጀመሪያ አንድ እግሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተነሣ፤ ሕዝቡ አበደ። ኦዴሳ ግን ክንዴን አልለቀቀችም።

"ይለመዳል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ልዋሻት አፌን ከፈትኩ። ሜዳው ላይ ግን ልጇ እንደገና ኳሱን ተቀብሎ ወደ ኋላ ያፈገፍግ ነበርና፣ ሁለታችንም ተያይዘን ተነሥተን ቆምን።