የሎሚው ቅርንጫፍ

እትዬ አሲያ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲበረታ በረንዳቸው ላይ ጋደም ብለው ስልክ መጎርጎር ልማዳቸው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ጃፓኖች የአበባ አደራደር የተሠራ አጭር ዘጋቢ ፊልም ገጠማቸው። አንዲት ሽበታም ሴትዮ ሦስት ቅርንጫፍ ብቻ ይዛ፣ ረጅሙ ሰማይ፣ መካከለኛው ሰው፣ አጭሩ ምድር ነው እያለች ትሰካለች። ሌላውን ቦታ ባዶ ትተወዋለች፤ ባዶውም የውበቱ አካል ነው ትላለች። እትዬ አሲያ ፊልሙን ደጋግመው አዩትና ብድግ አሉ።

ከጓሯቸው የማሽላ እሸትና ሣር ቆረጡ። ለሰማይ የሚሆን ግን ጠፋ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታቸው የጋሽ ከቢር ሎሚ አብቦ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ እሳቸው ግቢ አጋድሏል። ቢስሚላህ ብለው ቆረጡት።

«ማነው ሎሚዬን የሚመለምለው?» ጋሽ ከቢር በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር እምብዛም አይጫወቱም።

«እኔ ነኝ። ሰማይ አጥቼ ነው።»

«ምን አጡ?»

እትዬ አሲያ ማስረዳት ቢያቅታቸው ጠርተው ፊልሙን አሳዩአቸው። ጋሽ ከቢር እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ እትዬ አሲያ ሦስቱን ማሰሮ ውስጥ ሲሰኩ፣ ለሰው የቆመውን የማሽላ እሸት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰውየው ጎበጠ እኮ! ቀና ያድርጉት እንጂ።»

«እስቲ አንቱ ያድርጉት!»

እንዲህ ተጀመረ። በማግስቱ ጋሽ ከቢር የፓፓያ ቅጠል ይዘው መጡ፤ ሰንበት ብለው ደግሞ ከቀወት ማሳቸው ጠማማ የግራር ጭራሮ በባጃጅ አስመጡ። ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ። እትዬ አሲያም ብዙ ዘመን በመበለትነት ኖረው፣ የአጥሩ በር ሲንኳኳ ሻሻቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

ክረምቱ ሲወጣ ጋሽ ከቢር ሽማግሌ ላኩ። የእትዬ አሲያ ልጅ ሪሀና ወሬውን ሰምታ ከጀውሃ እየሳቀች መጣች።

«እማ፣ ለኒካሁ የላስቲክ አበባ ልከራይ?»

«ወላሂ እንዳታደርጊው!»

በኒካሁ ዕለት እንግዳው ገብቶ ማሰሮው ላይ የተሰኩትን ሦስት ቅርንጫፎች ሲያይ እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ጎረቤት «አበባው አለቀባችሁ እንዴ?» ብትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ከቢር ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ጃፓኖች ጥበብ ማስረዳት ጀመሩ። ጨዋታው ረዘመ። በመጨረሻ ሼሁ ትዕግሥታቸው አልቆ፣

«ከቢር፣ እኛ ለኒካህ ነው የመጣነው ወይስ ለትምህርት? እንሰረው እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!» አሏቸው።

እትዬ አሲያ ከጓዳ ሆነው ይህን ሲሰሙ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እንደ ኮረዳ ሳቁ።