ባለ አንድ ማራገቢያው ካርድ

ጋሽ ግዛቸው ሰው አያምንም። ቦንጋ ገበያ ኮረሪማ ሲገዛ ጆንያውን ከላይ ብቻ አይቶ አያውቅም፤ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ከታች ያለውን ዘግኖ ያወጣል። ሚዛን አያምንም፤ ዝናቡ አባርቷል ቢሉት እንኳ እጁን ዘርግቶ ካላረጋገጠ ከቤት አይወጣም። አንዲት ልጁ ማርቲ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስታልፍ ከጅማ የወርቅ ጉትቻ ገዛሁልሽ ብሎ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ያን ዕለትም ከምርቃቱ ያስቀደመው ማስጠንቀቂያውን ነበር። አንጥረኛ ቤት እንዳትወስጂው፣ እንጠብልሽ ብለው ወርቁን ይለውጡታል አላት።

እንግዲህ ለልጁ የኮምፒውተር ምስል የሚያሠራውን ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ የወጣው ይህ ሰው ነው።

ማርቲ እዚያው ቦንጋ ኮምፒውተር ግራፊክስ ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ አንዲት የማንኪራ ጫካ ንብ ወደ ቀፎዋ ስትመለስ የሚያሳይ አጭር አኒሜሽን ነው። አሮጌው ኮምፒውተሯ ግን ንቧ ገና ክንፏን ሳትዘረጋ ቀጥ ይልባታል። ሥራውን ሰኞ ካላስረከበች ምርቃቷ ለከርሞ ይተላለፋል። ውድ ካርድ የሚገዙበት አቅም የለም፤ ርካሽ ሆኖ የሚሠራ ማግኘት ነበረባቸው።

ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ሉቅማን ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ማርቲን ስለምትሠራበት ፕሮግራምና ስለ ኮምፒውተሯ አንድ በአንድ ጠይቋት ሲያበቃ፣ አንድ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ካርድ አውጥቶ ይሄ ይበቃሻል አላት። የጋሽ ግዛቸው ዓይን ግን ከታች መደርደሪያ ላይ ቀረ። እዚያ ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ባለ መብራት ግዙፍ ካርድ ተቀምጧል። ዋጋው ከትንሹ ብዙም አይርቅም።

«እሱን እንኳ አልመክርዎትም፣ ጋሼ» አለ ሉቅማን። ካርዱ አዲስ አበባ ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ ሲያመርት ቀን ከሌት የሠራ ነው፤ በዚያ ላይ የማርቲ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ የሚያገኝበት ፓወር ሰፕላይ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ አይችለውም።

አሃ! ጋሽ ግዛቸው በንግድ ዕድሜው የራሱን ዕቃ የሚያጣጥል ሻጭ አላጋጠመውም። አይ፣ አንድ ያውቃል፤ እሱም ራሱ ነው። ደህናውን ኮረሪማ ለአዲስ አበባ ደንበኛው ማቆየት ሲፈልግ፣ ሌላውን ገዢ «ተወው፣ እርጥበት ይዟል» እያለ የሚመልሰው ማን ሆነና! ይሄ ልጅም ትልቁን ለሌላ ሰው ደብቆ ነው አለ በሆዱ። ማርቲ እጅጌውን እየጎተተች ልጁ እውነቱን ነው ብትለው ጭራሽ ባሰበት። እሷንም አታሏታል ማለት ነዋ። ትልቁን ገዛ። ሉቅማን ካልሆነላችሁ እስከ ቅዳሜ መልሱት ሲለው ይህንንም ጠረጠረ፤ የሸጠውን የሚቀበል ነጋዴ የት አገር አለ?

ቤት ገብተው ሲገጥሙት መብራቱ ቀይ ሰማያዊ እያለ ተንቦገቦገ፤ ጋሽ ግዛቸውም ደረቱን ነፋ። ማርቲ ንቧን ስታስነሳ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ደገመች፤ ድርግም አለ። እስከ ዓርብ ያላደረጉት የለም። ጋሽ ግዛቸው ሻጩ ዊንጣ አላልቶ ነው የሰጠን ብሎ ደመደመ፤ ቅዳሜ ጠዋት ካርዱን አቅፎ፣ የሚሰድበውን ስድብ በሆዱ እየደረደረ ባጃጅ ላይ ወጣ።

ሉቅማን ግን ያለ ምንም ክርክር ካርዱን ተቀበለው። ከዚያ ከላይ መደርደሪያው ትንሹን ካርድ አወረደ። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ «ማርቲ» ተብሎ ተጽፎበታል። የጋሽ ግዛቸው ደም ፈላ። ለካ እነዚህ ልጆች ሌላ ነገር አላቸው! ምን እንዳላቸው ሉቅማንን አፋጠጠው።

«ትልቁን የገዛችሁ ዕለት ማታውኑ ተመልሳ መጥታ ነበር» አለ ሉቅማን። «አንድ ከቢታ ገነት የመጣ መምህር ትንሹን ሊወስደው ነበርና ቀብድ አስይዛ አስቀረችው። አባቴ ሰው አያምንም፣ ሞክሮ ሲያቅተው ግን ይመለሳል አለችኝ።»

መሳቢያውን ከፍቶ ከቁራጭ ጨርቅ ውስጥ አንድ ጉትቻ አወጣ። ለካ ሰሞኑን ማርቲ ሻሿን ጆሮዋ ላይ ያወረደችው ለዚህ ኖሯል።

«ቀብዷ ይኸው። አንጥረኛው ጎረቤትህ ነው፣ ከተጠራጠርክ አሳየው ብላኝ ነበር» አለ ሉቅማን። «አባቴ የገዛልኝ ነው፣ አባቴን ደግሞ ማንም አያታልለውም አለችኝ። እኔም አምኜ ያዝኩት።»

ጋሽ ግዛቸው ጉትቻውን ተቀበለው። ጉትቻው የወርቅ ቅብ እንጂ ወርቅ አይደለም። ሲገዛውም ያውቅ ነበር፤ ልጅ ናት ትጥለዋለች፣ ኋላ እውነተኛውን እገዛላታለሁ ብሎ ነበር። ያ ኋላ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ በዚህ ሁሉ ጥርጣሬ መሀል ውሸት ሆኖ የተገኘው ዕቃ እሱ ከጅማ ያመጣው ብቻ ነበር። እፍረት አንገቱን አስደፋው። ሉቅማን የዋጋውን ልዩነት ሊመልስለት ሲቆጥር ተወው፣ ያዘው ብሎት ካርዱንና ጉትቻውን ይዞ ወጣ።

ትንሹ ካርድ ተገጠመ። ንቧ ተነሣች፣ በዛፎቹ መሀል አልፋ ቀፎዋ ውስጥ ገባች። ማርቲ በደስታ እያጨበጨበች ሳቀች። ያኔ አባቷ ጉትቻውን አውጥቶ ሰጣት።

«መልሱስ?» አለችው። «ትልቁ ይወደድ ነበር እኮ።»

«ተውኩለት።»

የማርቲ ሳቅ ቆመ። አባቷ ለአንዲት ብር መልስ ከሺሺንዳ ከተማ ድረስ የሚመለስ ሰው ነው። ጉትቻውን መዳፏ ላይ መዘነችው። የቀረውንም ከጆሮዋ አወለቀችና ሁለቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ በብርሃኑ እያገላበጠች አየቻቸው።

«አባ፣ ሰኞ ሥራዬን ካስረከብኩ በኋላ አንጥረኛ ጋ ወስጄ ላሳጥባቸው?» አለችው፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል።

ይለውጡታል ሊላት አፉን ከፈተ። ግን ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ።  ማርቲ ሁለቱንም ጉትቻዎች መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ንቧ ዞረች።