የትርንጎ ቍጣ

የተናቀውን ሰው ከትቢያ አንሥቶ፣ በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል መፈጠሩን ማሳሰብ ከክርስቲያን ትሩፋት ሁሉ ላቅ ያለ እንደ ሆነ ሊቃውንት ሲያትቱ፣ መምህራንም ሲመሰክሩ ኖረዋል፤ ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ትሩፋት ከጾም ይልቅ እንደሚያደክም፣ ከስግደትም ይልቅ ወገብ እንደሚቈርጥ፣ ትዕግሥተኛውንም ሰው ጥርሱን እስኪያፋጭ ድረስ እንደሚያበሳጭ የነገረን መምህር ጥቂት ነው፤ ምናልባት የሞከሩት ጥቂቶች ስለሆኑ ይሆናል።

በቀድሞው ዘመን በበጌምድር አገር የደብረ ኅሩያን አለቃ የነበሩት አለቃ ዘሩፋኤል ግን ሞክረውታል። እኒህ በትርጓሜ የጠለቁ፣ በቅኔ የመጠቁ ሽማግሌ ከሁሉ አብልጠው «ጥሪዬ ነው» የሚሉት የተሰበረ ልብ መጠገንን ነበር። ከደብሩ ግርጌ ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪ መበለት ትኖር ነበር፤ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ዐይኑም ሰው ይበላል በሚለው የአገሩ ክፉ ወሬ ምክንያት አብሯት የሚቀምስ ሰው አልነበረም፤ እርሷ ከሠራችው እንስራ ሲጠጣ የዋለው ሁሉ እርሷን ባየ ጊዜ አፉን በነጠላው ይሸፍን ነበር። እርሷም ንቀቱን እንደ ፍርድ ተቀብላ፣ ቅዳሴውን ከቅጽሩ ውጭ ከግራር ሥር ቆማ ትሰማ ነበር እንጂ ወደ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

አለቃ በዐውደ ምሕረት ቆመው የሰው ልጅ ሁሉ የአንድ ሠሪ እጅ ሥራ መሆኑን ሰበኩ፤ ምእመናኑም «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብለው፣ መስቀል ተሳልመው፣ ደጀ ሰላሙን በወጡ ጊዜ ከትርንጎ ለመራቅ እንደ ቀድሞው ዳር ዳሩን ሄዱ። አለቃ ገሠጹ፤ ሰሚ አጡ። ካህናቱን ለመኑ፤ ካህናቱ በጉሮሯቸው ሳቁ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አለቃን ያንገበገባቸው ግን ትርንጎ ራሷ ነበረች፤ ባነሧት ቍጥር ስትወድቅ፣ ባከበሯት ቍጥር ስትዋረድ፣ «ግቢ ልጄ» ባሏት ቍጥር «እኔ ምናምንቴዋ!» እያለች መሬት ስትስም፣ እኒያ ትዕግሥተኛ ሰው ከቤታቸው ገብተው «ምነው ጌታዬ፣ ሙት ማስነሣቱን በሰጠኸኝ፤ እርሱ ይቀለኝ ነበር» እያሉ ያጕረመርሙ ጀመር።

በደብሩ የንግሥ በዓል ዕለት፣ ታቦቱ በእልልታ ከገባ በኋላ፣ አንዲት ወይዘሮ «ወዲያ በይ!» ብትላት ትርንጎ ይቅርታ ጠይቃ እስከ ገደሉ አፋፍ ስትሸሽ አለቃ አዩ፤ ትዕግሥታቸውም እንደ ክር ተበጠሰ። «አንቺ ሴት!» አሉ፣ ሕዝቡ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፤ «ስንት ዘመን ልለምንሽ? እግዚአብሔር ልጄ ያለሽን አንቺ ውሻ ነኝ እያልሽ የምትከራከሪ፣ ከእርሱ ይልቅ ታውቂያለሽን?»

ትርንጎ ቀና አለች። «አባቴ፣ የሚቈጡት እኔን ብቻ ነው? በሕዝብ ፊት ክብርት ነሽ ይሉኛል፤ በደጄ ሲያልፉ ግን ጥም ቢያቃጥልዎ እንኳ አንዲት ቅል ውሃ ለምነውኝ አያውቁም። እኔም እኮ ሰው ነኝ!» ብላ፣ ከአፏ በወጣው ነገር ራሷ ደነገጠች።

ነገሩ አለቃን ወጋቸው፤ እቸኩላለሁ እያሉ በደጇ ሲያልፉ የኖሩት ዐይኗን ፈርተው እንደ ነበር ልባቸው ያውቅ ነበርና። ነገር ግን ኀፍረታቸውን ደስታ ቀደመው፤ ያ ሁሉ ስብከት ያላወጣውን ቃል ቍጣዋ አውጥቶታል። «እስቲ ድገሚው» አሏት።

«ሰው ነኝ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እንግዲያስ ርቦኛል፤ ምሳ አብዪኝ።»

በሕዝቡ መካከል ተከትለዋት ወርደው፣ ከጎጆዋ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ተቀመጡ፤ ያቀረበችላቸውን ንፍሮ በዐይኗ ፊት ዘግነው ጎረሱ፤ የመጀመሪያው ጕርሻ ከጉሮሯቸው አልወርድ ብሎ እንዳስቸገራቸው ኋላ ለንስሓ አባታቸው አልደበቁም። ካህናቱ «አለቃ ተበሉ» ብለው ሞታቸውን ጠበቁ፤ ባስነጠሳቸው ቍጥርም «ይኸው!» ተባባሉ። በተከታዩ እሑድ ትርንጎ ቅጽሩን አልፋ፣ ከሴቶች መቆሚያ ገብታ ቆመች፤ ሴቶቹ ሸሽተው ዙሪያዋን ባዶ አደረጉት፤ እርሷ ግን ራሷን ሳትደፋ እስከ ፍጻሜው ቆየች። አለቃም ያን ባዶ ስፍራ አይተው በረዥሙ ተነፈሱ፤ ሰዉን ወደ ትርንጎ ገበታ ለመጥራት ነገ ከየትኛው ቤት እንደሚጀምሩም ያሰላስሉ ጀመር፤ ለተናቀ ሰው ክብሩን የሚነግር አንደበት ብዙ ነው፤ የሚታመነው ግን ከገበታው የጎረሰ አፍ ብቻ ነው።