አዲሱ ኮምፒውተር እንቢ ያለው ፊልም

መሥሪያ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት «ሐኪሙ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ «አጥፋና አብራ»። ሁለቱንም ያውቃል። የኮምፒውተር ጥገና ክፍሉ ኃላፊም ብቸኛ ሠራተኛም እሱ ነው። ስልክ ሲደወልለት የመጀመሪያ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «እስቲ አጥፍተው ያብሩት።» ብዙ ጊዜ ይሠራል። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ ስለሚሠራለት ራሱን አዋቂ አድርጎ መቁጠር ለምዷል።

ታናሽ እህቱ የፊልም አልባሳት ሰፊ ናት። ነርስነቷን ትታ መቀስ የያዘች ጊዜ እናታቸው ክፉኛ አዝነው ነበር። «ሰው የሚያድን እጅ ቁልፍ ሊተክል?» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያማርሩ ነበር። በኋላ ማማረሩን ተዉት እንጂ ስለ ሥራዋ አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። የመጀመሪያው ትልቅ ፊልሟ ሲኒማ ቤት ሲታይ እንኳ፣ ጨለማ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር እንደማይቀመጡ ተናግረው ቀሩ።

ፊልሙ በዲስክ ሲወጣ ለሠራተኞቹ ሁሉ ተሰጠ። እህትየው የደረሳትን ይዛ ወንድሟ ቤት መጣች።

«ተራ ዲስክ አይደለም» አለችው። «ፎር ኬ ነው፤ ምስሉ ልብሱ ላይ ያለውን ክር ሳይቀር ያሳያል። ለእማዬ በዚህ ባሳያት ደስ ይለኛል። ማጫወቻ ያለው ሰው ታውቃለህ?»

ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «ላይኛው ፎቅ ያለችው የጥርስ ሐኪም አላት» አለች።

እሱ ግን ሳቀ። «ማጫወቻ እኮ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው። የእኔ ኮምፒውተር ምን ሊሠራ ተቀምጧል?»

ኮምፒውተሩ በቅርቡ የተገዛ ነው። ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ በየቀለሙ ብልጭ ድርግም ይላል። ሚስቱ «የሠርግ አዳራሽ» የሚል ስም አውጥታለታለች። እስካሁን የተጻፈበት ነገር ቢኖር ሁለት የሥራ ደብዳቤ ነው፤ ባለቤቱ ግን ሊያሳየው የሚገባ እንግዳ ሲፈልግለት ነበር። እናቱንና አክስቱን ለእሁድ ከሰዓት ጠራቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ዲስኩን ሊሞክር ተቀመጠ። ኮምፒውተሩን ከፊት አየው፣ ከኋላ አየው፣ አጋድሞም አየው። ዲስክ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ሲገዛው ይህን እንደ ዘመናዊነት ቆጥሮት እንደነበር ትዝ አለው።

ወጥቶ በገመድ የሚሰካ ዲስክ ማንበቢያ ገዛ። ማንበቢያው ዲስኩን ዋጠ፤ ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ተንገጫገጨ፤ መልሶም ተፋው። ለካ ለዚህ ዓይነቱ ዲስክ ሌላ ማንበቢያ ነው የሚያስፈልገው። ይህ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። እሱ ሳያነብ የቀደደው ካርቶን ላይ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «መመሪያ አንብቡ» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈው እሱ ራሱ መሆኑን ለማንም ሳይናገር ተመልሶ ወጣ።

ሁለተኛው ማንበቢያ ዲስኩን አነበበው። አሁን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራሙ ተራውን ያዘና፣ ይህ ኮምፒውተር ይህን ዲስክ ማጫወት አይችልም ሲል በትሕትና አሳወቀው። ምክንያቱን ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ሲባዝን ዋለ። በመጨረሻ ገባው። ፊልሙ እንዳይሰረቅ ተብሎ በቁልፍ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የሚፈታው ደግሞ በኮምፒውተሩ አንጎል ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ምስጢራዊ ክፍል ነው። ያ ክፍል በቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነበር። ከአዲሶቹ ላይ ተነሥቷል። ኮምፒውተሩ ፊልሙን የማይከፍተው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ አዲስ ስለሆነ ነው።

ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ጣሪያውን አየ። አሮጌው ኮምፒውተሩ ያ ክፍል ነበረው። «ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም» ብሎ ለአማቱ የሰጣቸው እሱው ነው።

አማትየው አሮጌውን ኮምፒውተር ካርታ ይጫወቱበታል። እሁድ ጠዋት ሲሄድባቸው ጨዋታ ላይ ነበሩ።

«አባባ፣ ትንሽ ልፈትሸው ነበር» አላቸው።

«ምን ሆነና?»

«ምንም አልሆነም። ለአንድ ቀን ወስጄ ላጽዳው ብዬ ነው።»

አማትየው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ባለፈው ወርም ደህናውን ነገር ስትነካካ ነው የዋልከው። ይቺን ጨዋታ ልጨርስና ውሰደው።»

ጨዋታውን እስኪጨርሱ ጠበቀ። ተሸነፉና ሌላ ጀመሩ። ኮምፒውተሩን ታቅፎ ቤቱ ሲደርስ እንግዶቹ ከበር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

እናትየው ሶፋው መሐል ተቀመጡ። አክስትየው ከጎናቸው። እህትየው ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወንበር ዳር ላይ አረፈች፤ የዲስኩን ባዶ ማኅደር እጇ ላይ ታገላብጣለች። እሱ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ ሲሰካ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉ እናትየው።

«ምንም አልጠፋኝም እማዬ። አሁን ይጀምራል።»

ስክሪኑ በራ። ጥቁር መደብ ላይ ረዥም ነጭ ጽሑፍ መጣ። ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ አነበበው። ምስጢራዊው ክፍል በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በቅርቡ በተደረገ አፕዴት ተዘግቷል። አፕዴቱን ያደረገው ማን እንደሆነ ጽሑፉ አይናገርም። እሱ ግን ያውቃል። ባለፈው ወር፣ አማቱ «ተው፣ ደህና ነው» እያሉት፣ ለደህንነታቸው ብሎ ከላይ እስከ ታች ያደሰው እሱ ነው።

አክስትየው ጽሑፉን በጥሞና ተከታተሉ። «አጀማመሩ ጥሩ ነው» አሉ፤ «ግን ንባብ በዛበት።»

«እትዬ፣ ይሄ ፊልሙ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስድብ ነው» አለ።

እናትየው አዘኑለት። «አጥፍተህ ብታበራውስ?» አሉት በለሆሳስ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ማንንም አያውቁም፣ ለማሾፍም አልነበረም። አጥፍቶ አበራው። ያው ጽሑፍ መጣ።

«ተወው በቃ» አለች እህቱ። «ሌላ ጊዜ እናየዋለን።» ይህን ስትል ወደ እሱ አላየችም፤ እናትየው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡ ነበር ያየችው።

እሱም አየ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲታገል የነበረው ለማን እንደሆነ ያኔ ገባውና ጆሮው ድረስ ሞቀው። ቀኑ የእህቱ ነበር። እሱ የሠርግ አዳራሹን ሊያስመርቅበት አሰበ፤ አሁን ደግሞ ሙሽራዋን አቁሞ ከአምፖል ጋር ይጣላል። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። በዓይኗ ወደ ጣሪያው ጠቆመችው።

«እማዬ፣ ቦርሳሽን አስቀምጪው። መጣሁ» ብሎ ደረጃውን ወጣ።

የጥርስ ሐኪሟ በሩን ስትከፍት የተዘጋጀበት ንግግር ጠፋው። «ይቅርታ፣ ፊልም ልናይ ነበር፤ ማጫወቻ እንዳለዎት ሰምቼ...»

«እርስዎ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ» አለ። «ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ሴትየዋ ሳቀችና «ሁላችሁም ኑ» አለችው።

ማጫወቻው ከቴሌቪዥኑ ሥር የተጋደመ፣ መብራት የሌለው፣ መስታወት የሌለው ጥቁር ሳጥን ነው። ዲስኩን ተቀበለና ወዲያው ፊልሙን ጀመረ። ምንም አልጠየቀም። እሱ በዚህ ትንሽ ቅር አለው፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንኳ ሊያንገራግር ይገባ ነበር። ወንበር ስላነሰ ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ፊልሙ ቀርፋፋ ነበር። አንድ ሰው ግራጫ ካፖርት ለብሶ ወንዝ ዳር ይመላለሳል። አክስትየው ብዙም ሳይቆዩ አንቀላፉ። እናትየው ግን ወደ ስክሪኑ አንገታቸውን አስግገዋል፤ የሚያዩት ሰውየውን አልነበረም።

«ይሄ ካፖርት ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አንገትጌው በእጅ ነው የተሰፋው።»

«በእጅ ነው። ማሽኑ ጨርቁን ስለሚጨማድደው።»

ሰውየው በቅርብ ሲቀረጽ እያንዳንዱ ስፌት ተቆጥሮ የሚያልቅ ይመስል ጥርት ብሎ ወጣ። «ከግራ በኩል አንዱ ረዘም ብሏል» አሉ እናትየው።

እህትየው አፏን በእጇ ያዘች። «ዳይሬክተሩ አላየውም። ተመልካችም አላየውም።»

«እኔ አየሁት» አሉ እናትየው። ቀጥለውም፣ «የተቀረው ግን እኩል ነው። እጅሽ ረግቷል።»

ከዚያ በኋላ አላቆሙም። ሽፋኑ ምን እንደሆነ፣ ቀለሙን ማን እንደነከረው፣ ሰውየው ወንዙ ውስጥ ሲወድቅ ካፖርቱ እንዴት እንደተረፈ ጠየቁ። ካፖርቱ ብዙ እንደሆነና ሁሉንም እሷ እንደሰፋቻቸው ስትነግራቸው «ያን ሁሉ?» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ፊልሙ ውስጥ የሆነ ሰው ሞተ፣ ሁለቱም አላዩም። እሱ ከኋላ ሆኖ የሁለቱን ራስ መቀራረብ ሲያይ፣ ምንም ያላዋጣበት ነገር መሆኑ እያሳፈረውም ደስ አለው።

መጨረሻ ላይ ስሞች መውጣት ሲጀምሩ እናትየው እጃቸውን አነሡ። «ስምሽ እዚህ አለበት? አስቁሙልኝ።»

የጥርስ ሐኪሟ ሪሞቱን ወደ ኋላ አቀበለችው። «እርስዎ ይያዙት፤ ባለሙያ አይደሉ?» አለች እየሳቀች።

አውራ ጣቱን አዝራሩ ላይ አድርጎ ጠበቀ። በሙያው እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም። የእህቱ ስም ብቅ ሲል ተጫነው፤ ስሙ ስክሪኑ መሐል ቆመ።

እናትየው ተነሥተው ተጠጉ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየተከተሉ በሹክሹክታ አነበቡ። «የአባትሽንም ስም አስገብተውታል» አሉ።

አክስትየው ነቅተው «አለቀ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«ቆይ፣ እንዳትለቀው» አሉት እናትየው ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

«አልነካውም እማዬ» አለ፤ ሪሞቱንም በሁለት እጁ ያዘው።